አርእስቱ የጐደለ ሰነድ እንዴት ይነበባል?

(ለተማሪዎች ማኅበር የሳይንስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የመረጥኩት ጉዳይ ስሙን ብቻ ለሚሰማ ሰው ደረቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም በኤክስ.ኤም.ኤል. የተጻፈ ሰነድ በራሱ ላይ የሚሸከመው የዶክታይፕ መግለጫ ቢጐድል ወይም ቢበላሽ፣ ሰነዱን የሚያነበው ፕሮግራም ምን ያደርጋል፣ እኛስ ምን ማድረግ ይገባናል የሚል ነው። ነገሩ በአብዛኛው የአንዲት መስመር ጉዳይ ነው። ነገር ግን በዚያች አንዲት መስመር ምክንያት ከስም ላይ ፊደል ይጠፋል፤ ደኅና ሲሠራ የዋለ ኮምፒዩተር በአንድ ትንሽ ፋይል ይወድቃል፤ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ፋይል ከቦታው ስለ ተነሣ ብቻ በሌላ አገር ያለ ሥራ ይቆማል። ሦስቱንም በየተራቸው እናገራቸዋለሁ።

ከመካከላችሁ የኮምፒዩተር ትምህርት የማይከታተሉ ስላሉ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመነሻው እጀምራለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. መግለጫው ከየት መጣ?

ኤክስ.ኤም.ኤል. ጽሑፍን ከነክፍሎቹ ለማስቀመጥ የተበጀ የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ክፍል በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ በተጻፈ ስም ይከፈታል፤ በዚያው ስም ይዘጋል። ክፍሉ ኤለመንት ይባላል፤ ሁሉን የሚያቅፈው የውጭው ኤለመንት ደግሞ ሥር ይባላል። የዚህ ሥርዓት አባት ኤስ.ጂ.ኤም.ኤል. የተባለው ሲሆን፣ እርሱም በ1986 የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ቁጥር 8879 ደረጃ ሆኖ ወጣ። በአባቱ ሕግ ማንኛውም ሰነድ ምን ዓይነት ሰነድ እንደ ሆነ አስቀድሞ መናገር ነበረበት። ምክንያቱም በኤስ.ጂ.ኤም.ኤል. አንዳንድ መዝጊያዎችን መተው ስለሚፈቀድ፣ የሰነዱን ደንብ ያላየ አንባቢ አንዱ አንቀጽ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ሊያውቅ አይችልም ነበር።

በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1998 የወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርሽየም ኤክስ.ኤም.ኤል.ን ሲያወጣ ይህን ሸክም አቀለለው። የተከፈተ ሁሉ መዘጋት አለበት ተብሎ ስለ ተወሰነ፣ አንባቢው ደንቡን ሳያይ የሰነዱን አወቃቀር ለመለየት ቻለ። ስለዚህም የዶክታይፕ መግለጫ ግዴታ መሆኑ ቀረ። ከዚህም ሁለት ማዕርጎች ተወለዱ። የመጀመሪያው ሰነዱ በቅርጹ የተስተካከለ መሆኑ ነው፤ ይኸውም የአጻጻፉን ሰዋስው መጠበቁ ነው። ሁለተኛው በደንቡ የጸና መሆኑ ነው፤ ይኸውም በመግለጫው የጠራውን ደንብ መፈጸሙ ነው። የመጀመሪያውን ያላሟላ ከቶ ኤክስ.ኤም.ኤል. አይባልም። ሁለተኛውን ያላሟላ ግን ኤክስ.ኤም.ኤል. መሆኑ አይቀርም።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ መግለጫ የሌለው ሰነድ በሽተኛ ሰነድ አይደለም። የተበላሸ መግለጫ ያለው ሰነድ ግን በሽተኛ ነው። ብዙዎቻችን እነዚህን ሁለቱን እናቀላቅላቸዋለን፤ መድኃኒታቸውም አንድ ይመስለናል።

2. መስመሩ ምን ሥራ ይሠራል?

መግለጫው የሚጀምረው በማዕዘን ቅንፍና በቃለ አጋኖ ነው። ቀጥሎ ዶክታይፕ የሚለው ቃል በትልልቅ የላቲን ፊደላት ይጻፋል፤ ከዚያ የሥሩ ኤለመንት ስም ይከተላል። ከስሙ በኋላ ሲስተም የሚል ቃልና የደንቡ ፋይል አድራሻ ሊመጣ ይችላል፤ ወይም ፐብሊክ የሚል ቃልና ደንቡ በይፋ የሚታወቅበት ስም ከነአድራሻው ሊመጣ ይችላል። በመጨረሻም በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ሰነዱ ለራሱ የሚደነግጋቸው ነገሮች ሊገቡ ይችላሉ። ደንቡ በሙሉ ዲ.ቲ.ዲ. ይባላል፤ ከውጭ የሚመጣው የውጭ ክፍል፣ በቅንፉ ውስጥ ያለው የውስጥ ክፍል ነው።

ይህ ደንብ ሰነዱን ከመመርመር ሌላ ሦስት ሥራ አለው፤ ሦስቱም ሳይታሰቡ የሚቀሩ ናቸው።

አንደኛ፣ አኅጽሮተ ቃላትን ይፈታል። በኤክስ.ኤም.ኤል. ኤንቲቲ የሚባሉ በአንድ ልዩ ምልክት የሚጀምሩና በነጠላ ሰረዝ ላይ ነጥብ ባለበት ምልክት የሚያበቁ ስሞች አሉ። ሥርዓቱ በራሱ የሚያውቃቸው አምስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የሁለቱ ማዕዘን ቅንፎች፣ የሁለቱ ጥቅሶችና የራሱ የመጀመሪያው ምልክት ስሞች ናቸው። ከእነዚህ በቀር ማንኛውም ስም በዲ.ቲ.ዲ. ውስጥ ካልተፈታ ትርጉም የለውም። በኤች.ቲ.ኤም.ኤል. የለመድነው የማይሰበረው ባዶ ቦታ ስም እንኳ በኤክስ.ኤም.ኤል. አይታወቅም፤ በቁጥሩ፣ ማለት በ160፣ ካልተጻፈ በቀር።

ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ያልጻፋቸውን አትሪቢዩቶች ይሞላል። ለምሳሌ በጃንዋሪ 2000 የወጣው የኤክስ.ኤች.ቲ.ኤም.ኤል. 1.0 ደንብ የሥሩ ኤለመንት የስም ክልል ምን እንደ ሆነ በራሱ ይደነግጋል። ጸሐፊው ክልሉን ሳይጽፍ ቢቀር፣ ደንቡን ያነበበው ፕሮግራም ኤለመንቶቹን ሁሉ በዚያ ክልል ውስጥ ያገኛቸዋል፤ ደንቡን ያላነበበው ደግሞ ክልል የሌላቸው ሆነው ያገኛቸዋል። አንድ ሰነድ ለሁለት አንባቢዎች ሁለት ሰነድ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ከአትሪቢዩቶች መካከል መለያ የሆነው የትኛው እንደ ሆነ ይናገራል። ይህ ባይነገር፣ በመለያው ኤለመንት የሚፈልግ ፕሮግራም መለያው ፊት ለፊት ተጽፎ ሳለ አላገኘሁም ብሎ ይመለሳል። ይህን ችግር ለማቃለል በ2005 በማንኛውም ሰነድ መለያ መሆኑ የሚታወቅ አንድ አትሪቢዩት ተደንግጓል።

3. ጮሆ የሚናገር ጕድለትና ዝም የሚል ጕድለት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እደርሳለሁ፤ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ቢሆን ይህን እንድትይዙ እለምናለሁ።

አንድ ሰነድ መግለጫ የለውም እንበል፤ በውስጡም ያልተፈታ ስም አለበት። ሕጉ ይህን ከባድ ስሕተት ይለዋል፤ አንባቢው ፕሮግራም ሥራውን አቁሞ ማስታወቅ አለበት። ተጠቃሚው ይቈጣል፤ ነገር ግን ችግሩ ታወቀ።

አሁን ደግሞ ሌላ ሰነድ እንውሰድ። ይህኛው መግለጫ አለው፤ መግለጫውም የውጭ ደንብ ይጠራል። ያ ስም በዚያ ደንብ ውስጥ ሊፈታ ይችላል። ነገር ግን የማያጸና አንባቢ፣ ማለት ሰነዱን ከደንቡ ጋር የማያመሳክር ፕሮግራም፣ የውጩን ደንብ የማንበብ ግዴታ የለበትም። ሳያነበው ቢቀር ስሙ ተፈትቶ ይሁን ሳይፈታ ለማወቅ አይችልም፤ ስለዚህ ሕጉ ስሙን ዘሎ እንዲያልፍ ይፈቅድለታል። ሳክስ በተባለው የንባብ ሥርዓት፣ አንባቢው ስም ሲዘል ለፕሮግራሙ የሚነግርበት መንገድ አለ። ሆኖም ፕሮግራመሩ ያን መልእክት የሚቀበል ክፍል ካልጻፈ መልእክቱ ሰሚ አጥቶ ይቀራል።

ምሳሌ ልስጥ። በፈረንሳይኛ የአገራችን ስም ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል በላዩ ጭረት ያለበት ትልቁ ኢ ነው። በቀድሞው ልማድ ይህን ፊደል በቀጥታ ከመጻፍ ይልቅ በኤንቲቲ ስሙ መጻፍ የተለመደ ነበር። እንዲህ ያለ አንድ የመጻሕፍት መዝገብ የውጭውን ደንብ በማያነብ ፕሮግራም ቢነበብ፣ «ኤቲዮፒ» የሚለው «ቲዮፒ» ሆኖ ይወጣል። የስሕተት መልእክት የለም፤ ቀይ መብራት የለም። መዝገቡ ወደ አዲሱ ዳታቤዝ ይገባል፤ የቀድሞው ፋይል ይጣላል፤ ከዚያ በኋላ ያን መጽሐፍ በስሙ የሚፈልግ ተማሪ አያገኘውም።

እንግዲህ ልብ በሉ። መግለጫ የሌለው ሰነድ ጮኸ፤ መግለጫ ያለው ሰነድ ዝም አለ። ከዚህ የተነሣ፣ «ስሕተት አመጣብኝ» ብሎ መግለጫ ለሌለው ሰነድ ከሌላ ቦታ የቀዳውን መግለጫ በራሱ ላይ የሚለጥፍ ሰው፣ ደንቡ በእርግጥ እንዲነበብ ካላደረገ፣ ስሕተቱን አላዳነውም፤ ድምፁን ነው ያፈነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

4. የተበላሸ መግለጫ በሽታዎች

የተበላሹ መግለጫዎች ብዙ ቢመስሉም በጥቂት ዓይነት ይከፈላሉ።

ሀ/ ዶክታይፕ የሚለው ቃል በትንንሽ ፊደላት ሲጻፍ። በኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ይፈቀዳል፤ በኤክስ.ኤም.ኤል. ከባድ ስሕተት ነው።

ለ/ ፐብሊክ ከሚለው በኋላ ይፋዊው ስም ብቻ ተጽፎ አድራሻው ሲቀር። ይህም በአባቱ በኤስ.ጂ.ኤም.ኤል. የተፈቀደ ስለ ነበር ከቀድሞ ገጾች ወደ አዲሶቹ ተቀድቶ የመጣ ነው። በኤክስ.ኤም.ኤል. ሁለቱም መኖር አለባቸው።

ሐ/ ጥቅሶቹ ጠማማ ሲሆኑ። መስመሩን በደብዳቤ መጻፊያ ፕሮግራም የጻፈ ሰው፣ ፕሮግራሙ ቀጥ ያለውን ጥቅስ ለውበት ሲል ያጣምምበታል። በዓይን ሲያዩት ያማረ ነው፤ ለአንባቢው ግን ጥቅስ አይደለም።

መ/ መስመሩ ከቦታው ሲወጣ። መግለጫው ከሥሩ ኤለመንት በፊት መምጣት አለበት፤ ከአንድ በላይም ሊሆን አይችልም። እንዲሁም የኤክስ.ኤም.ኤል. ቅጽ ቁጥር የሚነገርበት የመጀመሪያው መስመር ካለ ከእርሱ በፊት አንዲት ባዶ ቦታ እንኳ አይፈቀድም። ሁለት ፋይሎችን በማጣበቅ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት በዚህ ነው።

ሠ/ በመግለጫው የተጠራው ሥርና በእርግጥ ያለው ሥር ሲለያዩ። ይህ ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ ቅርጹ ደኅና ስለሆነ ከባድ ስሕተት አይደለም። የሚያጸና አንባቢ ብቻ ያስታውቀዋል፤ ሌላው ዝም ብሎ ያልፋል። በትልቅና በትንሽ ፊደል መለያየትም እንደ መለያየት ይቈጠራል።

እነዚህን ያወቀ ሰው አንባቢው ያወጣውን የስሕተት መልእክት በመፍራት ፈንታ የትኛው በሽታ እንደ ሆነ በደቂቃ ውስጥ ሊለይ ይችላል።

5. ስለ መድኃኒቱ

በመካከላችን በጣም የተለመደው መድኃኒት መቍረጥ ነው። መስመሩ ካስቸገረ፣ ከመክፈቻው ጀምሮ እስከ መጀመሪያው መዝጊያ ቅንፍ ያለውን በአንድ ትእዛዝ ፈልጎ መጣል። ይህ በሦስት ምክንያት አይበጅም። የውስጥ ክፍል ያለው መግለጫ በውስጡ ብዙ መዝጊያ ቅንፎች ስላሉት ቢላዋው መካከሉ ላይ ይቈርጠዋል፤ የቀረውም ግማሽ የባሰ ብልሽት ይሆናል። ደግሞም ያ ቃል በማስታወሻ ውስጥ ወይም በጽሑፉ መካከል በምሳሌነት ተጽፎ እንደ ሆነ ጤነኛውን አካል እንቈርጣለን። ከሁሉም በላይ በውስጥ ክፍሉ የተፈቱ ስሞች ከነፍቺያቸው ይጠፋሉ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለጐደለው መግለጫ ተገቢው መንገድ ሰነዱን ሳይነኩ ደንቡን ከጐን ማቅረብ ነው። ይህን ለማድረግ መሣሪያዎቹ አሉ። በሳክስ ሁለተኛ ቅጽ «ኤንቲቲ ሪዞልቨር 2» የሚባል ክፍል አለ። አንባቢው ሥሩ ላይ ደርሶ መግለጫ ካላየ፣ «ለዚህ ሰነድ የውጭ ደንብ አለህን?» ብሎ ፕሮግራማችንን ይጠይቃል። ፕሮግራማችን በእጁ ያለውን ደንብ ቢሰጠው፣ መግለጫው ከመጀመሪያው እንደ ነበረ ሆኖ ይቈጠራል። ኤክስፓት በተባለው በሲ ቋንቋ በተጻፈው አንባቢም «የባዕድ ደንብ ተጠቀም» የሚል ተመሳሳይ ትእዛዝ አለ። የፋይሉ አንዲት ፊደል እንኳ አትለወጥም።

የተበላሸ መግለጫ ግን ከጐን በማቅረብ አይድንም፤ አንባቢው ብልሽቱ ላይ ሲደርስ ይቆማልና። እዚህ ላይ መስመሩን ማረም ግድ ነው። ሲታረም ግን ዋናው ፋይል እንዳለ ይቀመጥ፤ እርማቱ በግልባጩ ላይ ይሁን፤ ምን እንደ ተለወጠም ይመዝገብ። ያበላሸው ፕሮግራም የሚታወቅ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ይነገረው፤ አለዚያ ነገም ያንኑ ብልሽት እናርማለን።

«አድኖ ማንበብ» የሚባል መንገድም አለ። ሊብ-ኤክስ.ኤም.ኤል. 2 የተባለው የታወቀ አንባቢ፣ ስሕተት ባለበት ሰነድ ውስጥ የቻለውን ያህል እንዲያነብ ሊታዘዝ ይችላል። ይህ የተሰበረ ፋይል ይዞ ለሚመረምር ሰው መልካም መሣሪያ ነው። በየቀኑ ሥራ ላይ ማዋል ግን አደገኛ ነው፤ የቻለውን ሲያነብ ያልቻለውን ይተዋልና።

6. ደንቡ ያለው በሰው ቤት ሲሆን

በመግለጫው ውስጥ ያለው አድራሻ ብዙ ጊዜ በኢንተርኔት ላይ ያለ ፋይል አድራሻ ነው። ያን አድራሻ እንደ መታወቂያ ማየት ሲገባቸው፣ አያሌ ፕሮግራሞች ሰነድ ባነበቡ ቍጥር ወደዚያ ሄደው ያንኑ ደንብ ደጋግመው ያመጣሉ። በ2008 የወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርሽየም እንዳስታወቀው፣ ለዲ.ቲ.ዲ.ዎችና ለመሰል ፋይሎች ብቻ በቀን እስከ 130 ሚሊዮን ጥያቄ ይደርሰው ነበር። ደንቡ ለዓመታት ያልተለወጠ ነው፤ አምጡልኝ ባዮቹ ግን አልሰለቹም።

የባሰው ደግሞ ባለቤቱ ፋይሉን ያነሣው እንደ ሆነ ነው። ኔትስኬፕ በ1999 አር.ኤስ.ኤስ. 0.91 የተባለውን የዜና ማከፋፈያ ቅርጽ ሲያወጣ፣ ሰነዶቹ በእርሱ ኮምፒዩተር ላይ ያለውን ደንብ ይጠሩ ነበር። በ2007 መጀመሪያ ያ ፋይል ከቦታው ሲጠፋ፣ ደንቡን ለማምጣት የሚሞክሩ አንባቢዎች የዜና ሰነዶቹን ማንበብ ተሳናቸው። ሰነዶቹ አልተለወጡም፤ ፕሮግራሞቹም አልተለወጡም። የተለወጠው ማንም ያላሰበው ሦስተኛ ቦታ ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የምንጠቀምበትን ደንብ አንድ ጊዜ አምጥተን በራሳችን ዘንድ እናስቀምጥ። ይፋዊውን ስም ወይም አድራሻውን በእጃችን ካለው ግልባጭ ጋር የሚያገናኝ ካታሎግ የሚባል ማውጫ አለ፤ ኦአሲስ የተባለው የደረጃዎች ማኅበር ሕጉን በ2005 በቅጽ 1.1 አውጥቶታል። አንባቢውም ከካታሎጉ ውጭ ወደ መረብ እንዳይወጣ ይከልከል። የኢንተርኔት መስመር በሚቋረጥበት አገር ለሚሠራ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም፤ መስመሩ ቢቋረጥም ሰነዱ ይነበባል።

7. ከእንግዳ እጅ የመጣ መግለጫ

እስካሁን የተናገርኩት መግለጫው በቅን ሰው እጅ እንደ ተጻፈ አድርጌ ነው። ነገር ግን በዚያው መስመር ተንኰለኛም ሊጠቀምበት ይችላል።

በውስጥ ክፍሉ አንድ ስም ሦስት ፊደል ላላት ቃል ይፈታል እንበል። ሁለተኛው ስም የመጀመሪያውን ዐሥር ጊዜ ይጠራል፤ ሦስተኛው ሁለተኛውን ዐሥር ጊዜ ይጠራል፤ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ደረጃ ይደርሳል። በሰነዱ ውስጥ የመጨረሻው ስም አንድ ጊዜ ቢጠራ፣ ያቺ ቃል አንድ ቢሊዮን ጊዜ ትዘረጋለች፤ ከ1 ኪሎባይት የማይበልጥ ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጋ ማስታወሻ ይበላል። ይህ «የቢሊዮን ሳቅ» ጥቃት ይባላል። ኤክስፓት በ2021 በወጣው በቅጽ 2.4.0 ለዚህ መከላከያ ጨምሯል።

ሁለተኛው ተንኰል ስሙን በኮምፒዩተሩ ውስጥ ላለ የምሥጢር ፋይል መፍታት ነው። የዋህ አንባቢ ፋይሉን ከፍቶ ይዘቱን በሰነዱ ውስጥ ያስገባል፤ መልሱም ለላኪው ሲመለስ ምሥጢሩ አብሮ ይሄዳል። ኦዋስፕ የተባለው የዌብ ጸጥታ ድርጅት በ2017 ባወጣው የዐሥር ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር ይህን በአራተኛ ቁጥር አስቀምጦታል።

ስለዚህ የሶፕ መልእክት ሕግ መግለጫውን ጨርሶ ይከለክላል፤ ኤክስ.ኤም.ፒ.ፒ. የተባለው የመልእክት መለዋወጫም እንዲሁ። በጃቫ ብዙ አንባቢዎች መግለጫ ያለውን ሰነድ አልቀበልም እንዲሉ የሚታዘዙበት ቁልፍ አላቸው፤ በዶት-ኔት ከቅጽ 4 ጀምሮ የንባቡ ክፍል ሌላ ካልታዘዘ በቀር ይከለክላል።

«እንግዲያው ደንቡ እንዲነበብ አድርጉ አልከን፤ አሁን ደግሞ ከልክሉ ትለናለህ» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ሁለቱ አይጣሉም። በር ሁለት ነው። ከራሳችን መዝገብ የሚመጣው ሰነድ በአንደኛው በር ይግባ፤ በዚያ ደንቡ ከካታሎግ ይነበባል። ከማናውቀው ሰው የሚመጣው በሌላው በር ይግባ፤ በዚያ መግለጫ ያለው ሰነድ ከነምክንያቱ ይመለሳል። ሁለቱን ሰነዶች በአንድ አንባቢ፣ በአንድ ዓይነት ትእዛዝ ማንበብ ነው ስሕተቱ።

8. የእኛ ፊደልና ይህች መስመር

አሁን የቀረኝ እኛን በቀጥታ የሚነካው ነው። ኤክስ.ኤም.ኤል. በ1998 ሲወጣ፣ በኤለመንት ስም ውስጥ ሊገቡ የሚችሉ ፊደላት ዝርዝር የተወሰደው ከዩኒኮድ ቅጽ 2.0 ነበር። የግእዝ ፊደል ደግሞ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በቅጽ 3.0 ነው። ስለዚህም በግእዝ ፊደል ጽሑፍ መጻፍ ቢቻልም፣ ኤለመንትን «ስም» ወይም «መጽሐፍ» ብሎ መሰየም አይቻልም ነበር። መግለጫው የሥሩን ስም ስለሚጠራ፣ አንባቢው በአማርኛ በተሰየመ ሥር ላይ ሲደርስ ገና በመጀመሪያው መስመር ይቆማል።

ይህን ለማረም በ2004 ኤክስ.ኤም.ኤል. 1.1 ወጣ፤ ብዙ ፕሮግራሞች ግን አልተከተሉትም። በኋላ በኖቬምበር 2008 የ1.0 ቅጽ አምስተኛ እትም ዝርዝሩን አስፍቶ የግእዝን ፊደል ፈቀደ። ነገር ግን የቀድሞውን ሕግ የያዙ አንባቢዎች ዛሬም በሥራ ላይ አሉ። አንድ በአማርኛ የተሰየመ ሰነድ በአንዱ ኮምፒዩተር ደኅና፣ በሌላው የተበላሸ ሆኖ የሚታየው ስለዚህ ነው። ልብ ልንል የሚገባን አንድ ነገር ደግሞ፣ ከፐብሊክ በኋላ በሚመጣው ይፋዊ ስም ውስጥ በማናቸውም እትም የግእዝ ፊደል አይፈቀድም።

በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከ2016 ጀምሮ የሚሠራው ቤተ መጻሕፍት የተባለው ፕሮጀክት የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት በቴ.ኢ.አይ. የኤክስ.ኤም.ኤል. ሥርዓት ይመዘግባል። ቴ.ኢ.አይ. በ2007 ባወጣው አምስተኛ ቅጹ ለሰነዶቹ መመርመሪያ በዲ.ቲ.ዲ. ፈንታ ሪላክስ ኤን.ጂ. የተባለውን ሌላ የደንብ ቋንቋ ይመርጣል። እንዲህ ያሉ ሰነዶች የዶክታይፕ መግለጫ አያስፈልጋቸውም፤ የግእዙም ጽሑፍ በኤንቲቲ ስም ሳይሆን በራሱ ፊደል ይጻፋል። በእንዲህ ያለ ሰነድ ላይ መግለጫ የለውም ብሎ አንድ መስመር የሚጨምር ሰው ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን ጤነኛውን ማስታመም ነው።

9. በመጨረሻ

ስለዚህ ነገር ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን የሚልከውን የሚያጠብቅ የሚቀበለውን የሚያላላ ፕሮግራም ደግ ነው ይላል፤ ይህ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጆን ፖስቴል በኢንተርኔት ሕጎች ላይ ካሰፈረው ምክር የመጣ ነው። ሁለተኛው ወገን፣ የኤክስ.ኤም.ኤል. ደራሲዎችም ከእርሱ ናቸው፣ የተሰበረ ሰነድ ይመለስ ይላል። በበኩሌ ለዓይን ብቻ ለሚታይ ገጽ የመጀመሪያውን፣ ለሚቀመጥ መዝገብ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ገጹን የሚያየው ሰው ጉድለቱን በገዛ ዓይኑ ሊለይ ይችላል። መዝገብን ግን አንድ ጊዜ ወደ ሌላ ቅርጽ ከለወጡት በኋላ ከዋናው ጋር የሚያመሳክረው ሰው አይገኝም።

ብዙዎቻችን ከዚህ ስንወጣ በየመሥሪያ ቤቱ የቈዩ መዝገቦችን ወደ አዲስ ኮምፒዩተር የማዛወር ሥራ ይሰጠናል። የሆስፒታል ካርድ ይሆናል፤ የመሬት መዝገብ ይሆናል፤ የቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ይሆናል። አለቃችን የሚጠይቀን «አልቋል ወይ?» ብሎ ነው እንጂ «ስንት ስም ተዘለለ?» ብሎ አይደለም። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ራሳችን ለራሳችን ልንጠይቅ ይገባል። የተዘለሉትን ስሞች የሚቈጥር ፕሮግራም ለመጻፍ ዐሥር መስመር አይፈጅም፤ ቍጥሩ ዜሮ እስኪሆን ድረስ ዋናውን ፋይል አለመጣል ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም አሁን በእጃችሁ የማይነበብ ፋይል ያላችሁ፣ አምጡትና አብረን እንየው።